ከፖለቲካ መለስ ብለን እንጫወት



በዚህ ገጽ ላይ ስለ ሕገ መንግሥት አንቀጾች፣ ስለ ምርጫ፣ ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ሹማምንት ንግግር ስጽፍ ለለመዳችሁኝ ሁሉ የዛሬው ርእስ እንግዳ ሳይሆንባችሁ አይቀርም። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ጨዋታ ነው፤ ያውም ስለ ገበጣ። ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ማንም ሳያዝዘኝና ማንም ሳይከፍለኝ፣ በብራውዘር ውስጥ እንዲሠራ አድርጌ ስላሰናዳሁት ትንሽ ገበጣ ነው የማወራው። «አገር እንዲህ ሆና ሳለ ስለ ጠጠር ጨዋታ መጻፍ ምን ይሉታል?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልስ አለኝ፤ ነገር ግን መልሱ ያለ ታሪኩ ስለማይገባ ትንሽ ታገሡኝ።

የፖለቲካ ሐተታ መጻፍን ልማድ ያደረገ ሰው አንድ የማይድን ችግር አለበት፤ ሥራው አያልቅለትም። ገበሬ ያጭዳል፣ ይወቃል፣ ጎተራ ያስገባል። ሸማኔ ጋቢውን ጨርሶ አጣጥፎ ለባለቤቱ ይሰጣል። እኔም በቀን ሥራዬ ኦዲተር ስለሆንኩ የበጀት ዓመቱ ሲያልቅ መዝገቡን ዘግቼ፣ ፈርሜና ማኅተም አስመትቼ እፎይ እላለሁ። የፖለቲካ ጽሑፍ ግን እንዲህ ያለ ማኅተም የለውም። ዛሬ ሌሊቱን ቁጭ ብላችሁ የጻፋችሁትን ነገ ማለዳ አንድ መግለጫ ያረጅባችኋል፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ያን መግለጫ ሌላ መግለጫ ይሽረዋል።

ድካሙ ከሥራው ብዛት አይደለም፤ ከማያልቅነቱ ነው። ማታ ስልኬን እንደጨበጥኩ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ጠዋት ዓይኔን ሳልገልጥ እጄ ስልኩን ይፈልጋል። ማንነቱን የማላውቀው ሰው ለጻፈልኝ ስድብ በልቤ መልስ እያሰናዳሁ «ወራጅ አለ» ሳልል ሰፈሬን አልፌ እሄዳለሁ። አንድ ምሽት ባለቤቴ የእራቱን ትሪ እያቀረበች፣ «አንተ ሰው፣ እስቲ እንጀራው እስኪያልቅ እንኳ አገሪቱን ለሌላ ሰው አስረክባት» አለችኝ። ሳቅን፤ ነገሩ ግን ከሳቁ በኋላም አልለቀቀኝም። መጨረሻው የሚታይ፣ ተሠርቶ የሚጠናቀቅ፣ ማንንም የማያስቆጣ አንድ ነገር እጄ እንዲይዝ ፈለግሁ።

ለዚህ የሚሆን ምሳሌ ሩቅ አልነበረም። ጆሽ ዋርድል የተባለ የሶፍትዌር ባለሙያ የቃላት ጨዋታ ለምትወደው የሕይወት አጋሩ መዝናኛ እንዲሆን ብሎ «ዎርድል» የተሰኘች ትንሽ የብራውዘር ጨዋታ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 ለሕዝብ አውጥቷት ነበር። ማስታወቂያ አልነበራትም፤ ስልክ እያንጫረረች «ና ተጫወት» አትልም ነበር፤ በቀን አንድ እንቆቅልሽ ብቻ ሰጥታ «በቃህ፣ ነገ እንገናኝ» ትል ነበር። ብዙ ሳይቆይ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ተጫወታት፤ በጥር 2022 ደግሞ ኒው ዮርክ ታይምስ ገዛት። እኔን የማረከኝ ሽያጩ አይደለም፤ አንድ ሰው ለአንድ ሰው ብሎ የሠራት መሆኗና የተጫዋቿን ጊዜ የማትሻማ መሆኗ ነው። እኔም እንዲህ ያለ ነገር ልሥራ ብዬ ሳስብ በልጅነቴ መሬት ቆፍረን ጠጠር ለቅመን የተጫወትነው ገበጣ ትዝ አለኝ።

ገበጣን ለኮምፒዩተር ማስረዳት ሲጀምሩት ቀላል ነው። ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ 6 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር፤ ድምሩ 48። ለኮምፒዩተር ይህ ሁሉ በተርታ የተቀመጡ 12 ቁጥሮች ማለት ነው። ተጫዋቹ አንድ ጉድጓድ ሲነካ ፕሮግራሙ እዚያ ያለውን ቁጥር ያነሣል፤ ቦታውን ባዶ ያደርጋል፤ ከዚያም ቀጥለው ላሉት ጉድጓዶች አንድ አንድ ያድላል። 12ኛው ላይ ሲደርስ ወደ 1ኛው ይመለሳል። ይህን የሚያዞረው ስሌት «ለ12 ሲካፈል የሚተርፈው ስንት ነው?» የሚለው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የሚያውቀው ጥያቄ ነው። ይህን ያህሉን ለመጻፍ አንድ ምሽት በቃኝ።

የተጠቀምኩበት ቋንቋ ጃቫስክሪፕት ነው። ብሬንደን አይክ የተባለ መሐንዲስ በኔትስኬፕ ኩባንያ ሲሠራ የዚህን ቋንቋ የመጀመሪያ ቅጂ እ.ኤ.አ. በ1995 በ10 ቀናት ውስጥ አሰናዳው፤ ዛሬ ግን ብራውዘር ያለበት ስልክና ኮምፒዩተር ሁሉ ይረዳዋል። ከኢንተርኔት ካፌ ዘመን የምናስታውሳቸው ብዙዎቹ ጨዋታዎች የተሠሩት በፍላሽ ነበር፤ አዶቢ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ለፍላሽ የሚሰጠውን ድጋፍ ሲያቋርጥ አብረውት ተቀበሩ። እኔ የፈለግሁት ባለቤቱ ሲሰለቸው የሚዘጋበት ነገር አይደለም። ስለዚህ ጨዋታውን ከነሥዕሉ፣ ከነሕጉ በአንድ ፋይል ውስጥ አጠቃለልኩት። ፋይሉ ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ ይተላለፋል፤ ከተላለፈ በኋላም ኢንተርኔት አይፈልግም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሦስት ሳምንታት ያህል የቆየበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ አይጠይቀኝም።

በየጉድጓዱ ያለውን የጠጠር ብዛት በግእዝ አኃዝ ለማሳየት ስወስን ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር ገጠመኝ። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ቅጂው የግእዝን ፊደልና አኃዝ ካካተተ ወዲህ፣ ቀድሞ ልዩ ፎንት ካልጫኑ በቀር አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ይታይ የነበረው ጽሑፋችን ያለ ችግር ይነበባል። ስለዚህ 4 ጠጠር ያለበት ጉድጓድ ፬ን፣ 12 ጠጠር ያለበት ፲፪ን ያሳያል። ነገር ግን የግእዝ አኃዝ ዜሮ የለውም። ጠጠሩ ሁሉ የተነሣበት ጉድጓድ ላይ ምን ይጻፍ? ጥቂት አሰብኩና ምንም ሳልጽፍ ተውኩት። ባዶ ጉድጓድ ባዶ ሆኖ ታየ፤ መሬት ላይም እንዲሁ ነው የሚታየው።

የኦዲተርነት አመል አይለቅምና ከእያንዳንዱ ተራ በኋላ ፕሮግራሙ ጠጠሮቹን ሁሉ እንዲደምር አድርጌዋለሁ። በጉድጓዶቹ ውስጥ ያሉትና ሁለቱ ተጫዋቾች የበሏቸው ሲደመሩ 48 መሆን አለባቸው፤ 47 ወይም 49 ከሆኑ ጨዋታው ቆሞ በቀይ ቀለም ይጮኻል። በቀን ሥራዬ ሚዛኑ በአንድ መስመር የሚረጋገጥ መዝገብ ገጥሞኝ አያውቅም። ማታ ማታ ግን ያቺን መስመር እያየሁ፣ ድምሩ ሁልጊዜ 48 ሲሆን እያየሁ፣ ትከሻዬ ሲላላ ይሰማኛል። ይህን ሥራ ያልሞከረ ሰው እረፍት ማለት ምንም አለመሥራት ይመስለዋል። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ግን ባዶ እጅ እረፍት አይሆነውም፤ ባዶ እጅ ስልክ ይፈልጋልና። እረፍት የሆነኝ ልኬን የማያልፍ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት የመጣው ከፍጥነት ነው። ኮምፒዩተሩ 4 ጠጠር ለ4 ጉድጓድ ለማደል ዓይን ከሚጠቀስበት ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። ጉድጓዱን ስትነኩት ሰሌዳው በቅጽበት ሌላ ሰሌዳ ይሆናል፤ ምን እንደ ተደረገ አይታይም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጠጠር መካከል የሰከንድ አንድ ሦስተኛ ያህል ቆም እንዲል አዘዝኩት። የሚገርመው ጨዋታው ጨዋታ የመሰለው ያኔ ነው። ጠጠር አንድ በአንድ ስትወርድ ተጫዋቹ አብሮ ይቆጥራል፤ የመጨረሻዋ የት እንደምታርፍ ቀድሞ ገምቶ ይሰጋል ወይም ይቋምጣል። የገበጣ ጣዕሙ ለካ እዚያች ቆይታ ውስጥ ነበር።

ብቻውን መጫወት ለሚፈልግ ሰው ኮምፒዩተሩ ባላጋራ እንዲሆንም አድርጌአለሁ። አሠራሩ ምስጢር የለውም። ቢበዛ 6 ምርጫ አለኝ፤ ለእያንዳንዱ ባላጋራዬ ቢበዛ 6 መልስ አለው፤ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ማየት 36 መንገድ መመርመር ነው። አራት እርምጃ ሲሆን 1,296፣ ስምንት እርምጃ ሲሆን 1,679,616 ይደርሳል። ለሰው የማይቻለው ይህ ሁሉ ለአንድ ተራ ስልክ ምንም አይደለም። ከዚህም የራቁ አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በአምስተርዳም ቭሪየ ዩኒቨርሲቲ ጆን ሮሜይንና ሄንሪ ባል የገበጣ ዘመድ የሆነውን የምዕራብ አፍሪካውን አዋሪ 889,063,398,406 አቀማመጦች በብዙ ኮምፒዩተሮች አስመርምረው ሁለቱም ወገን ሳይሳሳት ከተጫወተ ውጤቱ አቻ መሆኑን አረጋገጡ። ሊቃውንቱን አደንቃለሁ፤ የእኔን ኮምፒዩተር ግን ከሁለት እርምጃ በላይ እንዳያይ ከለከልኩት። ፈጽሞ ከማይሸነፍ ጋር መጫወት ጨዋታ ሳይሆን ቅጣት ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው የብቻ ደስታ ነበር። ነገሩ የተወሳሰበው፣ የጣፈጠውም፣ ሕጉን ልጽፍ ስል ነው።

ገበጣ አንድ ጨዋታ አይደለም። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩት ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በ«ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» መጽሔት ላይ ስለ ገበጣና ስለ ዘመዶቹ ሰፊ ጥናት አሳትመዋል፤ ያን ጥናት የተመለከተ ሰው ከአካባቢ አካባቢ ሕጉ ምን ያህል እንደሚለያይ ይረዳል። ሦስት ረድፍ ያለው ገበጣ በዓለም ላይ ከእኛ ከአፍሪካ ቀንድ ሕዝቦች ዘንድ በቀር የማይገኝ ነው ይባልለታል። እኔ ደግሞ የማውቀው የሰፈሬን ልጆች ሕግ ብቻ ነው። በእኛ ሰፈር የመጨረሻዋ ጠጠር ሰው ያለበት ጉድጓድ ላይ ካረፈች (ጠጠር ያለበትን «ሰው ያለበት» ነበር የምንለው) ያንን ሁሉ አንሥቶ ማደል መቀጠል ነው፤ በገዛ ወገን ባዶ ጉድጓድ ላይ ካረፈች ደግሞ ፊት ለፊቷ ያለውን መብላት ነው። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ፣ «ይኼ የአዲስ አበባ ማጭበርበር ነው፤ አባቴን ጠይቃቸው» አለችኝ።

እዚህ ላይ ስለ አማቴ አንድ ነገር መናገር ግድ ይሆናል። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ የሚኖሩት በደብረ ማርቆስ ነው። አንባቢ ናቸው፤ ክርክር ይወዳሉ፤ ቀደም ባለው ጊዜ እኔና እርሳቸው ቡና ከአቦል እስከ በረካ ተጠጥቶ ሲያበቃ እንኳ ወሬያችን አያበቃም ነበር። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከጀመረ ወዲህ ግን እርሳቸው የሚሉትና እኔ የምጽፈው ተራራቀ። ማን ምን እንዳለ እዚህ አልዘረዝርም፤ በየቤታችሁ የሆነ ነገር ስለሆነ ታውቁታላችሁ። አልተጣላንም። በበዓል እንደዋወላለን፤ ስለ ጤና እንጠያየቃለን፤ ስለ ዝናቡ እናወራለን፤ ከዚያ ወዲያ ሁለታችንም ስልኩን ለባለቤቴ ለማስተላለፍ እንቸኩላለን። በአማርኛ «ጨዋታ» ማለት መጫወትም ማውራትም ነው። በእኛ መካከል የቀዘቀዘው ጨዋታ ይህ ሁለተኛው ነበር።

ደወልኩላቸው። የጤናውና የዝናቡ ነገር እንዳለቀ፣ «አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ገበጣ ላይ የመጨረሻዋ ጠጠር ባዶ ቤት ስታርፍ ምን ይሆናል?» አልኳቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። «ምን አገኘህ ደግሞ ዛሬ?» አሉኝ። የምሠራውን ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ብትሰሙ! ለአርባ ደቂቃ ያህል አወራን።

በእርሳቸው አገር ሕግ አቅጣጫውን የሚመርጠው ጨዋታውን የሚጀምረው ሰው ነው፤ ዙሩ እስኪያልቅ ሁለቱም በዚያው ይሄዳሉ። በማደል ላይ ሳለ አንዱ ጉድጓድ ልክ 4 ከሞላ የጉድጓዱ ባለቤት ጠጠሮቹን ወዲያው ያነሣል፤ የማንም ተራ ቢሆን። መጨረሻ ላይ የሚተርፉት ጠጠሮች የማን እንደሚሆኑ ስጠይቃቸው፣ «እንደ ሁኔታው ነው» አሉ። «አባባ፣ ኮምፒዩተር እንደ ሁኔታው አያውቅም፤ ቁርጡን ይንገሩኝ» ብላቸው፣ «ታዲያ ዳኛ ሳይሆን ዘበኛ ነው በለኛ!» ብለው ሳቁ። ይህ ሳቅ ከሰማሁት ስንት ዓመት እንደሆነው ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ያሰብኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ የምጠይቃቸው ነገር አላጣሁም። አንድ ሌሊት በሰፈሬ ሕግ ኮምፒዩተሩን ከራሱ ጋር እንዲጫወት አድርጌው ብተኛ፣ ጠዋት ሳየው አንዷ ተራ ገና አላለቀችም። የመጨረሻዋ ጠጠር ሁልጊዜ ሰው ያለበት ጉድጓድ ላይ እያረፈች ጠጠሮቹ ሌሊቱን ሙሉ ሲዞሩ አድረዋል። ሕጉ ትክክል ነው፤ ፕሮግራሙም የታዘዘውን ፈጽሟል፤ ጨዋታው ግን መውጫ የለውም። አማቴን «እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞዎት ያውቃል?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «እንዴታ! እጃችን ሲደክም እንስቅና እንበትነዋለን» አሉኝ። የትም ያልተጻፈ፣ ማንም ያላስተማረው፣ ነገር ግን ሁለት ሰው ፊት ለፊት ሲቀመጥ በሳቅ የሚጸድቅ ሕግ ነው። እኔ ግን ለማሽን መጻፍ ነበረብኝ። አሁን አንዲት ተራ ከ1,000 ጠጠር በላይ ካደለች ጨዋታው ይቆምና «ይበተን?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሚበተነውም ሁለቱም ተጫዋቾች «ይሁን» የሚለውን ሲነኩ ብቻ ነው።

ከሁለቱ ሕጎች የትኛውን ልምረጥ? ይህን ሳወጣና ሳወርድ ሰነበትኩ። የሰፈሬን ብቻ ብጽፍ አማቴ ገበጣዬን ገበጣ አይሉትም፤ የእርሳቸውን ብቻ ብጽፍ ልጅነቴን እክዳለሁ። በመጨረሻ የጨዋታውን መግቢያ ገጽ ሦስት ጥያቄዎች አደረግሁት። አቅጣጫውን ማን ይመርጣል? አራት የሞላ ይነሣል ወይስ አይነሣም? የተረፈው የማን ነው? ሁለቱ ተጫዋቾች ተነጋግረው ይመርጣሉ፤ ሁለቱም ካልተስማሙ ሰሌዳው አይከፈትም። አንድ ወዳጄ ይህን አይቶ፣ «ሰው ጨዋታ ሲከፍት ቶሎ መጫወት ነው የሚፈልገው፤ ይህ ሁሉ ጥያቄ ያሰለቻል» ብሎኛል። እውነቱን ነው፤ ያሰለቻል። ቢሆንም አላነሣሁትም። በገጠርም በከተማም ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ገበጣ ሲቀርቡ መጀመሪያ የሚጠያየቁት «በእናንተ አገር እንዴት ነው?» ብለው ነውና።

እናንተ የፖለቲካ አንባቢዎች ስለሆናችሁ ምሳሌው ወዴት እንደሚሄድ ገና ሳልናገር ቀድማችሁኝ እንደሄዳችሁ እገምታለሁ። ሕግ፣ ስምምነት፣ «ይሁን» የሚሉ ሁለት ወገኖች... ቆም በሉ። እኔም ለጊዜው ተፈትኜ ነበር፤ ነገር ግን ምሳሌው እስከ መጨረሻው አያደርስም። በገበጣ 48 ጠጠር ብቻ ነው ያለው፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም፤ እኔ የበላሁት አንተ ያጣኸው ነው። በብዙ ቦታ ደግሞ ዙር በተለወጠ ቁጥር የተሸነፈው ጠጠሩ በሚሞላለት ጉድጓድ ብቻ ስለሚጀምር፣ ያሸነፈው እየሰፋ፣ የተሸነፈው እየጠበበ ሄዶ መጨረሻ ላይ መቀመጫ እንኳ ያጣል። ይህ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ያዝናናል። አገር ግን በዚህ ሕግ ስትመራ ምን እንደምትሆን ያየነው ስለሆነ አላስረዳም። አገር የተቆጠረ ጠጠር አይደለችም፤ ትምህርት ቤት ሲሠራ፣ መስኖ ሲጠለፍ፣ ገበያ ሲደራ ጠጠሩ ራሱ ይበዛል፤ ጥይት ሲተኮስ ደግሞ ማንም ሳይበላው ይጠፋል። ከጨዋታዬ የተማርኩት አገር እንዴት እንደምትመራ አይደለም። አገርን ገበጣ አድርገው የሚያዩ ሰዎች ስንት እንደሆኑና እኛም የምንጽፈው ሰዎች ስንት ጊዜ ውጤት ቆጣሪ ብቻ እንደምንሆን ነው።

ባለፈው ፋሲካ አማቴ አዲስ አበባ መጡ። ከዶሮው በኋላ ስልኬን አውጥቼ ጨዋታውን አሳየኋቸው። ሦስቱን ጥያቄዎች መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡ፤ ሁለቱን በእርሳቸው፣ አንዱን በእኔ ሰፈር ሕግ ተስማማን። ጥቂት እንደ ተጫወቱ ግን ስልኩን መለሱልኝ። «ጎበዝ ነህ። ግን ጠጠሩ አይጨበጥም፤ ድምፅም የለው» አሉ። ወደ ማእድ ቤት ገብተው 30 እንቁላል የሚይዘውን የካርቶን ትሪ ይዘው ወጡ፤ ሁለቱን ረድፍ በቢላዋ ለይተው ቆረጡ። እነሆ 12 ጉድጓድ! ባለቤቴ 48 ሽምብራ ቆጥራ አመጣች። የስንት ምሽት ድካሜ በአንድ የእንቁላል ካርቶን ተተካ፤ ቅር አላለኝም።

በሁለተኛው ዙር መካከል፣ ሽምብራ በእጃቸው እንደያዙ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ያን በኅዳር የጻፍከውን አንብቤዋለሁ» አሉኝ። ደነገጥኩ። ጽሑፎቼን እንደሚያነቡ አላውቅም ነበር። «እንዴት አገኙት?» አልኳቸው። «አልተስማማሁበትም። ሦስተኛው ነጥብህ ማስረጃ የለውም። የመጨረሻው ግን ያሳስባል» አሉ። ልመልስ አፌን ስከፍት፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ ተጫወት፤ ተራው ያንተ ነው» አሉኝ። ተጫወትኩ። ከዚያም ስለ ሦስተኛው ነጥብ ተከራከርን፤ ቡናው እስኪፈላ፣ ከፈላም በኋላ። እርሳቸው ከአቋማቸው ፈቀቅ አላሉም፤ እኔም አላልኩም። ገበጣውን ግን 29 ለ19 አሸንፈውኛል።

እንግዲህ መጀመሪያ ላይ ያነሣሁትን ጥያቄ ልመልስ። አገር እንዲህ ሆና ሳለ ስለ ጠጠር ጨዋታ መጻፍ ምን ይሉታል? እኔ ሥራ ነው እላለሁ። ስለ አገር የሚጽፍ ሰው የሚጽፈው ለማያውቀው ሕዝብ ነው፤ በቤቱ ካለ አንድ የማይስማማው ሰው ጋር ግን ለአንድ ሰዓት ፊት ለፊት መቀመጥ ካቃተው፣ ለሚሊዮኖች የሚሰጠው ምክር ከየት ይመጣል? ፊት ለፊት ለመቀመጥ ደግሞ ለእጅ የሚሆን ነገር ያስፈልጋል። ሰው ከሰው ጋር ዓይን ለዓይን እየተያየ ብቻ አይከራከርም፤ ቡና የሚፈላው፣ ጥጥ የሚፈተለው፣ ጠጠር የሚታደለው ለዚህ ጭምር ነው። እጅ ሥራ ሲይዝ ምላስ ይረጋጋል። እነዚያ ማታ ማታ ያደረግኋቸው የኮድ መስመሮች ከፖለቲካ የሸሸሁባቸው መስለውኝ ነበር የጀመርኳቸው፤ የመለሱኝ ግን ወደ አንድ ሰው ነው።

ጨዋታው ተጠናቋል ለማለት እደፍራለሁ። የመጨረሻውን መስመር ከጻፍኩ ሁለት ወር ሆኖታል፤ ድምሩ እስካሁን 48 ነው። አማቴ «ድምፅ የለውም» ስላሉ ጠጠር ስትወርድ «ቀጭ» የምትል ድምፅ ጨምሬበታለሁ፤ ድምፁም ከዚያው ከእንቁላል ካርቶኑ ላይ በስልኬ የቀዳሁት የሽምብራ ድምፅ ነው። ከዚህ በላይ የምጨምረው የለም፤ የሚያልቅ ሥራ አግኝቼ ጨርሼዋለሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ለመድነው የበጀት ጉዳይ እንመለሳለን፤ ስድባችሁንም ምክራችሁንም እጠብቃለሁ። እስከዚያው ድረስ በሐሳብ የራቃችሁት የቅርብ ሰው ካላችሁ ደውሉለት። ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ጠይቃችሁ ስታበቁ ስልኩን አትዝጉት፤ «በእናንተ አገር ገበጣ እንዴት ነው?» በሉት።

መልካም ሳምንት።